ጉዳዩ፦ ማስፋፊያ ስለ መግዛት

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ ሁኔታ ቀጥሎ የተመለከተው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ በቃለ ጉባኤ ያዥነትና በመዝገብ ቤት ኃላፊነት አገልግዬ በክብር ጡረታ ወጣሁ። በክብር ስል ለአፍ ያህል አይደለም፤ የምስክር ወረቀቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማየት የሚፈልግ መጥቶ ማየት ይችላል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያወቅሁት ነገር ቢኖር፣ ጡረተኛ ማለት ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ መሆኑን ነው። ጽሑፉ ሁሉ በቦታው አለ፤ የሚቀበለው ግን የለም። ጧት ጧት ከረባቴን አስሬ ሳሎን እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ አልጋነሽ በአጠገቤ ስታልፍ «ዛሬስ ባለጉዳይ መጣ?» ትለኛለች። አልመጣም።

ይህን ያየች ልጃችን ስንዱ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጅ የምታስተምረው፣ አሮጌ ላፕቶፗን አመጣችልኝ። «አባባ፣ ትዝታዎን ይጻፉበት» አለችኝ። ትዝታዬን ልጽፍ ስከፍተው የግንብ ሥዕል ያለበት ምልክት ከፊቴ ተደቅኖ አገኘሁ። የመዝገብ ቤት ሰው ያልተከፈተ ፋይል አይቶ አያልፍም፤ ነካሁት። መለከት ተነፋ። በመካከለኛው ዘመን፣ ብርዳምና ጭቃማ በሆነ አንድ የፈረንጅ አገር ላይ ንጉሥ ሆኜ ተሾምሁ። የሥራ ማስታወቂያ አልወጣ፣ ውድድር አልተደረገ።

ነገሩ የኮምፒውተር ጨዋታ ኖሯል። ንጉሡ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያስገብራል፣ ይዋጋል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ሲሞት ተጫዋቹ አልጋ ወራሹን ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ሞቶ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ ከአለቆቼ መካከል ሁለቱ እንዲሁ ነበሩ። ግዛቴን በደንብና በመመሪያ ማስተዳደር ጀመርሁ። ዋና ከተማዬን በትውልድ ቦታዬ ስም መሸንቲ አልኋት። ለዘውዱ ምክር ቤት ደብተር ገዝቼ፣ ጦርነት ባወጅሁ ቁጥር ቃለ ጉባኤ ያዝሁ። አልጋ ወራሹ ታሞ ሁለት ቀን እህል አልበላ ብሎኝ ስተክዝ አልጋነሽ «ይኸ አልጋ ወራሽ የምትለው ልጅ፣ አልጋ ማንጠፍ ይችላል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን በይደር አቆየሁት።

ችግሩ ግዛቴ ባሕር የሌለው መሆኑ ነው። ላፕቶፑን በከፈትሁ ቁጥር አንድ ማስታወቂያ ይመጣል፤ የጨዋታውን ግዛት የሚያሰፋ አዲስ ማስፋፊያ ወጥቷል፣ ጀልባ አለው፣ ደሴት አለው፣ ገዳምም አለው ይላል። ከሥሩ «ይግዙ» የሚል ቁልፍ አለ፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስንዱ ናት በአማርኛ የነገረችኝ። በዚህ ቃል ላይ ብዙ ቆየሁበት። አማርኛችን ጠቢብ ነው፤ ሸማውም አገሩም የሚገዛው በአንድ ግስ ነው። ለመግዛት መግዛት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ደሴት የፈለግሁበት ምክንያት ለማንም ያልነገርሁት ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ጣና ዳር ኖሬ ጀልባ ላይ ስወጣ ራሴን ያዞረኛል። ገዳማቱን ለመሳለም በሄድሁ ቁጥር ሰዎች ወፉን፣ ጉማሬውን፣ ሰማዩን ሲያዩ እኔ የጀልባዋን ወለል ሳጠና ነው የምደርሰው። ስለ ደቅ ደሴት ሰባት ጊዜ ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ ደቅን ግን አላየሁም። የማያዞር ባሕር ላይ፣ ደቅ ብዬ የምሰይማት አንዲት ደሴት ብትኖረኝ ምን ነበረበት? ይሁን እንጂ ሠላሳ ሁለት ዓመት ብቻዬን የወሰንሁት ነገር የለምና፣ ይህንንም ሳላማክር ልወስን አልቻልሁም። ጥፋቱ የተጀመረው ከዚህ ነው።

የማማክረው ሰው ነበረኝ። መሪጌታ ፈንታ ጎረቤቴ ናቸው። ሹም አቦ ሠፈር ከገባሁ ጀምሮ፣ እነሆ ሃያ ዓመት፣ በመካከላችን አንድ የቅንጭብ አጥርና በአጥሩ ላይ አንድ ማንጎ አለ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሐይቁ ዳር አብረን እንሄዳለን። እሳቸው የቅኔ መምህር ናቸው። እኔ ደግሞ የምጽፈው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው የሥራ ዘመኔን ሁሉ የደከምሁ ሰው ነኝ። እሳቸው አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ቃል ሰምተው እንቅልፍ አይወስዳቸውም። አንድ ጊዜ ጣራ ላስጠግን ብዬ «መሰላል ያውሱኝ» ብላቸው ሦስት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን መሰላሉን ይዘው መጥተው፣ «ለነፍስዎ መጨነቅ መጀመርዎ አስደስቶኛል» አሉኝ። በመካከላችን ሰላም የኖረው እኔ ሰሙን ብቻ ስለምሰማ፣ እሳቸው ወርቁን ብቻ ስለሚሰሙ ነው፤ ተገናኝተን አናውቅም።

በዚያ እሑድ ዘንባባዎቹን አልፈን ውኃው ዳር ስንደርስ «መሪጌታ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አልሁ።

«ይበሉ።»

«ማስፋፊያ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

ቆሙ። «የምን ማስፋፊያ?»

እዚህ ላይ ጥፋቴን አምናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከረባት አስሬ፣ በኮምፒውተር እጫወታለሁ ማለት አሳፈረኝ። ስለዚህ እንደ መሥሪያ ቤት ልማድ ጉዳዩን በጥቅሉ አቀረብሁ።

«ያው የያዝሁት ቦታ ጠበበኝ። ወሰንተኛው ጎረቤቴ ደግ ሰው ይመስላል፤ ግን አርጅቷል። ወራሽም የለው። ዛሬ ካልተስፋፋሁ ነገ ሌላ ይቀድመኛል።»

መሪጌታ ፈንታ አርጅተዋል። ልጅም የላቸውም። ይህ ትዝ ያለኝ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው።

መቶ እርምጃ ያህል ሄዱ። ከዚያ ውኃውን በመቋሚያቸው አሳዩኝና «ጣና ስንቱን ወንዝ ውጧል። ግን ከዳርቻው አልወጣም» አሉ። እኔ የገባኝ እንደ ወትሮው ነው፤ የነገሩኝ ስለ ውኃ ነው፣ ማስፋፊያውም ስለ ውኃ ነው፣ ስለዚህ ደግፈውታል። ቤቴ እንደገባሁ «መሪጌታ በሐሳቡ ተስማምተዋል» ብዬ በቃለ ጉባኤው አሰፈርሁ።

ማክሰኞ ዕለት መሪጌታ በአጥሩ ሥር በእሳቸው በኩል የአጋም ችግኝ ሲተክሉ አየኋቸው። አጋም እሾኹ ልብስ የሚይዝ፣ ሥጋ የማይምር ተክል ነው።

«ምነው መሪጌታ፣ አጥር እያጠናከሩ ነው?»

«ዘመኑ ነው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«እውነትዎን ነው፤ በዚህ ዘመን ጎረቤት ምን ይታመናል!» አልሁ፤ በጨዋታው የወሰንተኛዬ የቀዩ ንጉሥ ሠራዊት በወሰኔ ላይ ሲያንዣብብ ሰንብቶ ነበርና። ከዚያም ዕቃ ቤት ገብቼ ዶማ አመጣሁና ጉድጓዱን አብሬያቸው ቆፈርሁ። አሥራ አራት ችግኝ ተከልን።

ቅዳሜ አልጋነሽ ከእድር ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ሴቶቹ ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ» አለች። «ባልሽ በመሪጌታ ቦታ ላይ ሊስፋፋ ነው አሉ፤ እስኪሞቱ እንኳ አልጠበቀም አሉኝ! እኔ ደግሞ ላስረዳ ብዬ፣ የእሱ አገር ሌላ ነው፣ ዋና ከተማው መሸንቲ ነው ብላቸው ጭራሽ ጸጥ አሉ።»

በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ታየኝ፤ እርጅናው፣ ወራሹ፣ አጋሙ፣ ዶማው። ከሰው መሬት አንድ ስንዝር ሳልወስድ የኖርሁ ሰው ነኝ። ብዙዎች ሲስፋፉ እኔ በካርታዬ ልክ ኖሬያለሁ። ይህንንም ለጉራ ሳይሆን ለመዝገብ ያህል ነው የምጠቅሰው። ሮጬ መሪጌታ በር ላይ ደረስሁ።

«መሪጌታ፣ ተሳስተዋል! ጨዋታ ነው እኮ!»

«ጨዋታ?» አሉ ከውስጥ። በሩን አልከፈቱም። «በሽማግሌ ዕድሜ መቁጠር ለእርስዎ ጨዋታ ነው?»

«የእርስዎን ቦታ አልፈልግም! እኔ የምፈልገው ደሴት ብቻ ነው!»

ይህን የጮኽሁት መንገድ ላይ ቆሜ ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ሰው አለ።

ሰኞ ጧት መነጽር ግንባሩ ላይ የሰቀለ ደላላ ሳሎኔ ገብቶ ተቀመጠ። ከረባቴን አስሬ ነበርና ባለጉዳይ በማግኘቴ ደስታዬን አልደብቅም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገሩኝ፤ መሸንቲ ዋና ከተማ ሊሆን ነው?»

ውሸት አልናገርም። «ካደረግሁት ሦስት ወር አለፈው» አልሁ።

ደላላው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አደረገና እንደገና አየኝ። «እና እስካሁን ዝም ይባላል?» ብሎ ሳይሰናበተኝ ወጣ። በሳምንቱ መሸንቲ መንገድ ዳር ያለች የአክስቴ ልጅ ጎመን የምትዘራበትን ጓሮ ሦስት ሰው እንደጠየቃት ሰማሁ።

ደላላው በመጣ ማግሥት፣ ማክሰኞ፣ ከደቅ በጧቱ ጀልባ የተሻገሩ ገበሬ መጡ፤ ሁለት ትልልቅ ዓሣ በሣር አስረው ይዘዋል። በሩ ላይ እጅ ነሥተው፣ «ጌታዬ፣ ደሴቱን ሊገዙ ነው ሲሉ ሰምተን ነው። መቼስ ከመጣ አይቀርም። ካሣ ሲሰላ የጌሾ ተክሌን እንዳይረሱብኝ» አሉ። ደቅን እንደማልገዛ፣ የምገዛው ሌላ ደቅ እንደሆነ፣ እሱም ገና እንዳልተሠራ በዝርዝር አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «እንግዲያስ መዝግቡልኝ» አሉ። ልማድ ክፉ ነው፤ መዘገብሁ። ስም፣ የጌሾው ብዛት፣ ፊርማ። ረቡዕ ዕለት ሰባት ሰው ከደቅ መጣ። ዓሣውን መልሱ ብል ማን ይስማኝ? አልጋነሽ ለሠፈሩ ሁሉ እየጠበሰች አከፋፈለች፤ ሠፈሩም እየበላ «ይኸው ግብር ማብላት ጀመረ» አለ።

ሐሙስ መሪጌታ ራሳቸው ወረቀት ይዘው መጡ። «ሰውን ከጀርባው መክሰስ ነውር ነው። ከማስገባቴ በፊት ያንብቡት» አሉኝና አልቀመጥም ብለው ቆሙ።

አነበብሁት። በእኔ ላይ የተጻፈ መሆኑን ለጊዜው ረሳሁት፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም። ማመልከቻው የሚነሣው ምድር ከውኃ ከተለየችበት ቀን ነው። ወሰን ከፍጥረት ጀምሮ ምን ያህል ክቡር እንደሆነ እያመሰጠረ ወርዶ፣ በሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ሹም አቦ ይደርሳል። ነገር ግን ለማን እንደተጻፈ አይገልጽም። ጉዳዩ አልተጠቀሰም። ቀን የለውም።

«መሪጌታ፣ ይህ በዚህ ሁኔታ ከቀረበ አይቀበሉዎትም» አልሁ።

«ለምን?»

«ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ላፕቶፑን ከፍቼ ማመልከቻውን በአንድ ገጽ አሳጥሬ ጻፍሁት። እሳቸው እያንዳንዱን ቃል ሲሰናበቱ ያዝኑ ነበር፤ ምድርና ውኃ የተለዩበትን ስሰርዘው «እሱማ መሠረቱ ነው!» ብለው እጄን ያዙኝ። ጉዳዩ በሚለው ሥር «ጎረቤቴ ሊያካሂዱት ያሰቡትን ሕገ ወጥ የቦታ ማስፋፋት ስለ ማስቆም» ብዬ አስተካከልሁ። «ሕገ ወጥ» የሚለውን ቃል የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ያለ እሱ ጉዳዩ ክብደት አልነበረውም። ከግርጌ «ግልባጭ፦ ለተከሳሽ» ብዬ ጻፍሁ። ስንዱ ኮሌጅ አትማ ስታመጣው የራሴን ግልባጭ ፈርሜ ተቀበልሁ፤ እሳቸውም የእሳቸውን ይዘው ሄዱ። ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል ማመልከቻው እንዲህ ተሟልቶ በመቅረቡ ተደስቶ በማግሥቱ ቀጠሮ ሰጠ። በሥራ ዘመኔ ከጻፍኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ፈጥኖ ውጤት ያገኘው ይህ ነው።

በመካከሉ አንድ እሑድ ነበረ። ከቅዳሴ በኋላ በሐይቁ ዳር ብቻዬን ሄድሁ። ታንኳዎቹ ደንገል ጭነው ይመጣሉ፣ ይብራ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ የማይገባኝን ነገር የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ አልገባኝም እያልሁ የሰማሁት ሁሉ ያን ቀን ናፈቀኝ። ቤት ገብቼ ላፕቶፑን አልከፈትሁም። ማስፋፊያውም ደሴቱም ይቅርብኝ ብዬ ነበር። መሪጌታ ግን ይቅር ማለቴንም ምን ብለው ሊሰሙት እንደሚችሉ ፈርቼ አልነገርኋቸውም።

በቀጠሮው ቀን ሳሎኔ ሞላ። የእድራችን ዳኛ አቶ ዘለቀ፣ ከመሬት ክፍል የመጣች ባለሙያ ከነሜትሯ፣ መሪጌታ፣ አልጋነሽ። ስንዱ ላፕቶፑን ጠረጴዛው መካከል አስቀመጠችና «አባባ የሚያስፋፉት ይኼን ነው፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ ማስፋፊያው ደሴት ይጨምርበታል» አለች።

ሁሉም አጎነበሰ። ግዛቴ ከነግንቡ፣ ከነጭቃው ታየ።

አቶ ዘለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ሁሉ መሬት ካርታ አለው?»

«ራሱ ካርታ ነው» አለች ስንዱ።

«ካርታ ካለውማ ሕጋዊ ነው» አሉና ወደ ኋላ ተደገፉ። የእሳቸው ጥያቄ አበቃ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አውጥተው ቀረቡ። «አረንጓዴው የእርስዎ ነው?»

«አዎ።»

«ቀዩስ?»

«ወሰንተኛው ጎረቤቴ።»

«አርጅቷል?»

«ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው።»

«ወራሽስ?»

«የለውም» አልሁ።

መሪጌታ ቀዩን ንጉሥ ትክ ብለው አዩት። ሽበት አለው፣ ጥምጥም የመሰለ ነገር ራሱ ላይ አለ። በዚህ መካከል መለከት ተነፋና ጽሑፍ ወጣ። ስንዱ አነበበችው፤ ቀዩ ንጉሥ በተኛበት አርፏል።

መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። «ነፍስ ይማር» አሉ።

«ነፍስ ይማር» አልን ሁላችንም ተነሥተን። ባለሙያዋም ሜትሯን እንደያዘች ተነሣች።

ከተቀመጥን በኋላ መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ ሳቃቸው መጣ። እንዲያ ሲስቁ በሃያ ዓመት አይቻቸው አላውቅም። «እኔ እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወርቁን ስቆፍር» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ለካ እርስዎ ሰም ብቻ ነዎት!»

ነገሩ በዚህ ቢዘጋ መልካም ነበር። ባለሙያዋ ግን «እኔ ከመጣሁ አይቀር ልለካ» አለች። ደስ እያለኝ ፈቀድሁ። ንጹሕነቴ በሜትር ሊረጋገጥ ነው ብዬ ከረባቴን አጠበቅሁ። ሁላችንም ወደ አጥሩ ወጣን፤ ሁለት ጊዜ ለካች፤ ካርታዎቹን አገላብጣ አየች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ለካች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ በትሕትና «አባቴ፣ አጥርዎ ወደ መሪጌታ ቦታ ስልሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገብቷል» አለችኝ። «ማንጎውም የእሳቸው ነው።»

በስንዝሬ ለካሁት። ከሰው አንድ ስንዝር አልወሰድሁም ስል እውነቴን ኖሯል፤ የወሰድሁት ሦስት ነው። የሃያ ዓመት ማንጎ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

«ነገውኑ አጥሩን አነሣለሁ» አልሁ። ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ።

መሪጌታ የአጋሙን ችግኝ በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ይህን ስተክል ዶማ ያመጣልኝ ማነው?» አሉ። ከዚያ ወደ ስንዱ ዞሩ። «ልጄ፣ ያ ማስፋፊያ የሚሉት ደሴት አለው ብለሻል። ገዳም ይተከልበታል?»

«ይተከልበታል፣ መሪጌታ።»

«የቅኔ ጉባኤ ቤትስ?»

«ትምህርት ቤት የሚባል አለ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲያው ይግዙ!» አሉ።

በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋቸው። «መሪጌታ፣ ሰሙን ነው ወይስ ወርቁን?»

«ሁለቱንም» አሉኝ፤ በቀጣዩም እሑድ ስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ጠየቁኝ።

ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ተከሳሹ እኔው ራሴ ያዝሁ። ውሳኔው ቃል በቃል የሚከተለው ነው፦ «አመልካች አቤቱታቸውን በፈቃዳቸው አንሥተዋል። አጥሩ ባለበት እንዲቆይ፣ የማንጎው ፍሬ እኩል እንዲካፈል፣ በዚህም ምትክ፣ ተከሳሽ ማስፋፊያውን እንዲገዙና ደቅ የምትባለዋን ደሴት ከነገዳሟ ለመሪጌታ ፈንታ አስተዳደር እንዲያስረክቡ፤ ከደቅ የቀረቡ የጌሾ ካሣ ጥያቄዎች ደሴቱ ሲያዝ እንዲታዩ፤ በወይዘሮ አልጋነሽ በቀረበው ተጨማሪ ሐሳብ መሠረትም አልጋ ወራሹ እስኪደርስ ድረስ አልጋውን ንጉሡ ራሱ በየጧቱ እንዲያነጥፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፤ ሰኔ 5 ቀን፣ በዕለተ አቦ።»